ፐርሲ ዢሯር፦ ሀዲድ ዘርጊው መሐንዲስ አገረ ገዥ ሲሆን

ሀዲድና ታሪክ (የክሩ ከፋች)

ከዐድዋ ድል ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1896፣ የእንግሊዝ መንግሥት በግብፅ ያለው ጦር በሰሜን ሱዳን ወዳለችው ዶንጎላ እንዲዘምት አዘዘ (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት በከሰላ በመሐዲስቶች (ያኔ ሱዳንን በያዙት ደርቡሾች) ለተጨነቀው የጣሊያን ጦር ፋታ መስጠት ነበር፤ ከዚያ በስተጀርባ ግን ሱዳንን መልሶ የመያዝ አሳብ ነበረ። የዘመቻው አዛዥ ኪችነር ስንቁና ጥይቱ በግመል ሳይሆን በባቡር እንዲጓዝ ፈለገ፤ ሀዲዱንም እንዲዘረጋለት የ29 ዓመት መቶ አለቃ ተመደበለት። ስሙ ፐርሲ ዢሯር ይባላል፤ መሐንዲስም፣ በኋላ ፖለቲከኛም የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ነገር እስካሁን ስላላጋጠመኝ፣ ሕይወቱ ደግሞ ከእኛ ድል ማግስት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህን ክር ከፍቻለሁ።

ዢሯር በ1867 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ ጠበቃና የፓርላማ አባል፣ በኋላም የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። እናቱ የአየርላንድ ዘር ነበሩ። በኪንግስተን የጦር ኮሌጅ ተምሮ በ1886 ተመረቀ፤ ለሁለት ዓመት ያህል በካናዳ ፓስፊክ ባቡር ከሠራ በኋላ በእንግሊዝ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል መኮንን ሆነ። ከ1890 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በለንደን አጠገብ በሚገኘው በዉሊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የውስጥ ባቡሮችን እንቅስቃሴ ይመራ ነበር።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የኑብያን በረሃ አቋርጦ ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ የዘረጋው ሀዲድ ነው። አባይ በዚያ አካባቢ ወደ ምዕራብ ትልቅ ቅስት ሠርቶ ስለሚዞር፣ በወንዙ ዳር መሄድ ጊዜ ይፈጃል፣ በመካከልም ጀልባ የማያሳልፉ አስቸጋሪ ፏፏቴዎች አሉ። በቀጥታ በበረሃው ማቋረጥ መንገዱን ወደ 370 ኪሎ ሜትር ያሳጥረዋል፤ ሆኖም በዚያ በረሃ ውሃ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፣ የሚደረስባት አቡ ሐመድም ገና በጠላት እጅ ነበረች። ብዙ ባለሙያዎች የማይሞከር ነው ያሉት ሥራ በ1897 መጀመሪያ ቀን ተጀመረ፤ አቡ ሐመድ በነሐሴ ተያዘች፤ ሀዲዱም በጥቅምት መጨረሻ ከከተማዋ ደረሰ። በማግስቱ ዓመት በሐምሌ አትባራ ሲገባ፣ ለኦምዱርማን ጦርነት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ እየተፈታ የተጫነ የጦር ጀልባ ሳይቀር፣ በዚያው መስመር ተጓጓዘ።

ከዚያ በኋላ የግብፅን ምድር ባቡር መራ፤ እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ከቦሮች (ከደች ዘር ሰፋሪዎች) ጋር በተዋጋችበት የቦር ጦርነት የወታደራዊ ባቡሮች የበላይ ሆነ፤ በ1907 ሉጋርድን ተክቶ የሰሜን ናይጄሪያ ገዥ፣ በ1909 ደግሞ ዛሬ ኬንያ የምንላት የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በ1912 ሥልጣኑን ለቀቀ። የለቀቀበት ምክንያት ሀዲድ ሳይሆን ከብት አርቢዎቹን ማሳዮች ከላይኪፒያ ደጋ የማፈናቀሉ ጉዳይ ነበር።

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በረሃውን በዚያ ጥንቃቄ የለካ ሰው፣ ሰው በሚኖርበት አገር ላይ ሲሾም ምን ጎደለው? ወይስ አልጎደለውም፣ ያደረገው ያንኑ የለመደውን ነበር?

*

ጡረተኛው ከድሬዳዋ

ክሩን ለከፈትከው ልጄ ምስጋናዬ ይድረስህ። እኔ በሸመንደፈር ያደግሁና ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አባቴም በእንፋሎቱ ዘመን እሳት አንዳጅ ነበሩ። ስለ ፖለቲካው ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ ስለ ሥራው ልመስክር።

የእንፋሎት ባቡር ከምንም በላይ የሚፈልገው ውሃ ነው። አባቴ ሲናገሩ እንደ ሰማሁት፣ በቆላው በኩል ውሃ በሌለበት ጣቢያ ላይ ለሞተሩ የሚሆነው ውሃ በሌላ ባቡር ተጭኖ መምጣት ነበረበት፤ ውሃ ጫኙ ባቡርም ራሱ በመንገድ ላይ ይጠጣል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ለሥራ ከሚደርሰው ይልቅ በመንገድ የሚያልቀው እየበዛ ይሄዳል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርቶ፣ ስንት ሞተር፣ ስንት ታንከር፣ ስንት ቀን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ የቻለ መሐንዲስ ተራ ሰው አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ቁፋሮ ተሞክሮ በሁለት ቦታ ውሃ ተገኘ፤ አንዱ ከዋዲ ሐልፋ 77 ማይል ላይ፣ ሌላው 126 ማይል ላይ። ሥራው የተጀመረው ግን ውሃው ከመገኘቱ በፊት ነው፤ ባይገኝም እንኳ እንዲሠራ ተደርጎ ታስቧል ማለት ነው።

ስለ ሀዲዱ ስፋትም አንድ ነገር ልጨምር። ዢሯር የመረጠው 3 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው የጂቡቲ መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። የሱዳኑ ስፋት በደቡብ አፍሪካ ከነበረው ጋር አንድ በመሆኑ፣ ለዚያ ታዝዘው የነበሩ ሞተሮች በዚያ ታላቅ ባለሀብትና ፖለቲከኛ ከነበረው ከሴሲል ሮድስ በውሰት ሊገኙለት ችለዋል። ለቸኮለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲስ ሞተር አዝዞ እስኪሠራ መጠበቅ ዓመት ሊፈጅ ይችላልና።

ሠራተኞቹንም አትርሱ። ግብፃውያን፣ ሱዳናውያን፣ የዲንካና የሺሉክ ሰዎች፣ ከመሐዲስቶች ወገን የተማረኩትም ጭምር ነበሩበት። ብዙዎቹ ሀዲድ አይተው የማያውቁ ነበሩ፤ በዋዲ ሐልፋም ለጣቢያ ሹምነት የሚታጩት ከዘንባባ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማንበብና መጻፍ ይማሩ ነበር። በጥሩ ቀን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ አንጥፈዋል። በዚያ ሐሩር ከሀዲዱ ሥር የሚነጠፈውን እንጨት በትከሻ ተሸክሞ ማደል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስመሩን ሲያነሡ የመሐንዲሱን ስም ብቻ ማንሣት አይገባም እላለሁ።

*

የሕግ ተማሪ

ጋሼ፣ ስለ ሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ለክሩ ከፋች ግን ሁለት ነጥብ አለኝ።

አንደኛ፣ ዢሯርን «ፖለቲከኛ» ማለት ይቻላል ወይ? አልተመረጠም፣ ፓርቲ አልነበረውም፤ በለንደን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የተሾመ ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ እርስዎ ከላይ ያነሡት ጥያቄ የሰሜን ናይጄሪያን ዘመኑን የዘነጋ ይመስለኛል። እዚያ እያለ መሬት ለግለሰብ የውጭ ሰዎች እንዳይሸጥ በጽኑ የተከራከረ ሰው ነው። በ1908 ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ በለንደን ተቋቁሞ የእሱን አሳብ በአመዛኙ ተቀበለ፤ በ1910 የወጣው የመሬት አዋጅም ከዚያ የመነጨ ነው። በናይጄሪያ የተወላጁን መሬት የጠበቀ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በኬንያ የማሳይን መሬት ለነጭ ሰፋሪ የሚያስለቅቅ ከሆነ፣ ምክንያቱ የመሐንዲስነት አስተሳሰቡ ሳይሆን የሰፋሪዎቹ ጉልበት ነው ብዬ አምናለሁ። በሰሜን ናይጄሪያ ነጭ ሰፋሪ አልነበረም፤ በናይሮቢ ግን በሎርድ ደላሚር የሚመሩ፣ የሕግ ምክር ቤት ወንበር ያላቸው፣ ገዥን የሚያስጨንቁ ሰዎች ነበሩ።

*

ሀዲድና ታሪክ

ተማሪው ወንድሜ ያነሣኸው ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ነጥብ ብዙ አልከራከርም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን አገረ ገዥ ሕግ ያወጣል፣ ግብር ይጥላል፣ ከሰፋሪና ከአገሬው መካከል ይፈርዳል፣ በለንደን ካለው ሚኒስትር ጋርም ይሟገታል። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ይባላል?

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ቆም ብለን እንመልከት። ዢሯር ወደ ናይጄሪያ የተላከው በዋናነት ሀዲድ እንዲሠራ ነው። ከኒጀር ወንዝ ወደብ ከባሮ (የጋምቤላው ባሮ አይደለም) እስከ ካኖ የሚደርሰው መስመር የተቆረሰው በእሱ ዘመን ነው፤ ካኖ የደረሰውም በ1911 ነው። የላንካሻየር የፈትል ፋብሪካዎች ከካኖ ጥጥ እንደሚጎርፍላቸው ተስፋ አድርገው ነበር። መስመሩ ሲከፈት ግን የሐውሳ ገበሬዎችና ነጋዴዎች በራሳቸው ስሌት ባቡሩን በኦቾሎኒ ሞሉት፤ ኦቾሎኒ የተሻለ ዋጋ ያወጣ ነበርና። ለሥራው የተሰማራው ጉልበት ግን በአብዛኛው በአሚሮቹ በኩል ተመልምሎ የመጣ ነበር፤ ገበሬው ከእርሻው የተነሣው በአለቃው ትእዛዝ እንጂ በገዛ ፈቃዱ አልነበረም።

አሁን ወደ መሬት አዋጁ ልመለስ። አዋጁ የተወላጁን መሬት ከውጭ ገዢ ጠብቆታል፤ ይህ እውነት ነው። የጠበቀው ግን እንዴት ነው? መሬቱ በሙሉ በገዥው ቁጥጥርና አስተዳደር ሥር ነው በማለት ነው። ገበሬው የሚይዘው በመንግሥት ፈቃድ እንጂ በራሱ መብት አይደለም። የዢሯርን ሁለት ግዛቶች የሚያገናኘው ይህ ይመስለኛል። በካኖም በናይሮቢም መሬት በመንግሥት እጅ ያለ፣ ለሚበጀው ሥራ የሚመደብ ነገር ነበር፤ በካኖ ለገበሬው ተመደበ፣ በላይኪፒያ ለሰፋሪው። መዳቢው ግን አንድ ነው። የባቡር ሰው መስመር ለመዘርጋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው መሬቱን ነጻ ማድረግ ነው፤ በዚያ ላይ ማን እንደ ሰፈረ የሚጠይቀው ለካሣ ያህል ነው።

በደቡብ አፍሪካም የተማረው ይህንኑ ነው። እዚያ ያቆመው ታላቅ ደንብ፣ የጦር አዛዦች በባቡር ሥራ በቀጥታ ጣልቃ እንዳይገቡና በመካከል ያሉ መኮንኖች ብቻ እንዲያስተላልፉ የሚል ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጄኔራል «የእኔ ባቡር ይቅደም» ካለ መስመሩ ይዘጋል። ደንቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ያው መስመር መንደራቸው የተቃጠለባቸውን የቦርና የጥቁር ቤተሰቦች ወደ ማጎሪያ ሰፈሮች ጭኖ ወስዷል። ሥራው ሰምሯል፤ ጭነቱ ማን እንደሆነ የመጠየቅ ኃላፊነት ግን በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም።

*

ከናይሮቢ

ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም። ናይሮቢ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በሥራዬም ምክንያት ወደ ናሮክ በተደጋጋሚ ስለምሄድ፣ የማሳይ ሽማግሌዎች «ወደ ደቡብ የተነዳንበት» እያሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የላይኪፒያን ነገር ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ማሳዮች ሁለት ጊዜ ነው የተነሡት። በ1904 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ፈርመው የስምጥ ሸለቆውን ግጦሽ ለሰፋሪዎች ለቀቁ፤ በምትኩ ሰሜኑ ወገን ላይኪፒያን፣ ደቡቡ ወገን ከባቡሩ በስተደቡብ ያለውን አገር አገኙ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የከብት መተላለፊያም ቃል ተገባላቸው። ውሉ ማሳይ እንደ ሕዝብ እስካለ ድረስ ይጸናል ይላል። በ1911፣ ገና በሰባተኛው ዓመት፣ ዢሯር ሁሉንም በደቡብ በኩል በአንድነት ለማስፈር የሚል አዲስ ውል አስፈረመ። የተሰጠው ምክንያት ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፍሎ መኖሩ ጎድቶታል የሚል ነበር፤ ታላቁ ላይቦን (የማሳዮች መንፈሳዊ መሪ) ኦሎናናም በዚያው ዓመት በመጋቢት ሊሞት ሲል ወገኖቹ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ተናዟል ተባለ። ይህ የኑዛዜ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በማሳዮች ዘንድ አከራካሪ ነው። የሰሜኑ መሪ ሌጋሊሹ ተቃውሞ ነበር፤ በሚያዝያ ግን እሱም ፈረመ። መንግሥት ከፊት ቆሞ «ፈርም» ሲል የሚፈርም ሰው ፈቃዱ ምን ያህል ነጻ እንደሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ጉዞው በሰኔ ተጀመረ። አንድ ጊዜ ወደ ናሮክ ስሄድ በማው ተራራ ላይ ያገኘኝን ብርድና ዝናብ አልረሳውም፤ መኪና ውስጥ ሆኜ እንኳ እጄ ደንዝዞ ነበር። እነዚያ ሰዎች በዚያ ከፍታ ላይ፣ በጭቃና በጉም ውስጥ፣ ጥጃና ጠቦት እየነዱ፣ ሕፃናትና አሮጊቶች ይዘው ነው ያለፉት። መንገዱ በከብት ተጨናነቀ፤ ብዙ ከብት አለቀ። እንቅስቃሴው በነሐሴ እንዲቆም ተደረገና ከፊሉ ሕዝብ ወደ ላይኪፒያ ተመለሰ። በመጨረሻ በ1913 ሲጠናቀቅ የተነሡት ሰዎች ወደ 10,000፣ ከብቱ ወደ 175,000፣ በጉና ፍየሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደ ነበር ተጽፏል።

ጋሼ የነገሩንን የውሃ ስሌት ሳነብ ያሰብሁት ይህን ነው። ለአንድ የእንፋሎት ሞተር በየማይሉ ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የቆጠረ ሰው፣ ለመቶ ሺሕዎች ከብት በማው ላይ ውሃና ሣር ይኑር አይኑር አላስቆጠረም።

ሌላም አለ። ለለንደን ሲጽፍ ላይኪፒያ ላይ ለሰፋሪዎች የተገባ ቃል እንደ ሌለ ተናገረ፤ በኋላ ግን መሬት ቃል የተገባላቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ታወቀ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሃርኮርት ማብራሪያ ጠየቀው፤ የተሰጠው መልስም አላረካውም፤ ዢሯር በ1912 ለቀቀ። ምስጢሩ እንዲወጣ ከረዱት አንዱ የመንግሥት ሐኪም የነበረው ኖርማን ሌይስ ነው፤ ያየውን ወደ እንግሊዝ እየጻፈ ላከ፤ ለዚህም ወደ ኒያሳላንድ (የዛሬዋ ማላዊ) ተዛወረ።

*

ወደ ካይሮ የሄድሁ

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። በሰማንያዎቹ ውስጥ በስደት ካርቱም ከኖርን በኋላ ወደ ካይሮ የሄድነው በዚህ መስመር ነው። ከአቡ ሐመድ ካለፍን በኋላ በበረሃው ውስጥ ያሉት ጣቢያዎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ እስከ አሥር። ባቡሩ በሌሊት በአንደኛው ቆመና የጣቢያው ሰዎች ሻይ ይዘው መጡ። አንድ ጎጆ የመሰለ ቤት፣ አንድ የውሃ ጋን፣ ከዚያ ውጭ እስከ ሰማይ ዳር አሸዋ። አብሮን የነበረ የአትባራ ሰው «ይህ ስድስት ቁጥር ነው፣ ውሃ አለው» አለን። ያኔ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ጋሼ 126 ማይል ሲሉ ገባኝ። የቀድሞዋ ዋዲ ሐልፋ ግን በአስዋን ግድብ ሐይቅ ሥር ቀርታለች፤ እኛ የወረድነው በአዲሷ ነው።

ዢሯር ስም ያልሰጣቸው ሰው የማይኖርበት ስለሆነ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ በረሃ የግመል ቅፍለት ይመላለስ ነበር፤ ዘላኖቹም ለየቦታው ስም ነበራቸው።

*

የሕግ ተማሪ

ከናይሮቢ የጻፉልንን እኅቴ ወይም ወንድሜ አመሰግናለሁ፤ አቋሜን በከፊል አሻሽያለሁ። የሰፋሪዎች ጉልበት ምክንያት እንደ ሆነ አሁንም አምናለሁ፤ የመሬቱ መዳቢ አንድ ነው የሚለው ግን አሳምኖኛል።

ለእኛ አገር ንጽጽር የሚሆን አንድ ሰው አለ፤ አልፍሬድ ኢልግ። እሱም መሐንዲስ ነበር፤ ከስዊዘርላንድ መጥቶ በ1894 የምድር ባቡሩን ፈቃድ ከዳግማዊ ምኒልክ ተቀበለ፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆነ፤ እስከ 1907 ድረስም ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረገው ድርድር ውስጥ ነበረ። በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ሰጥቶ በመስመሩ ላይ ሥልጣን ሊይዝ ሲሞክር ምኒልክ ተቆጡ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ በምረቃው ላይ አልተገኙም። ልዩነቱ ኢልግ ከዢሯር የተሻለ ሰው ስለ ነበረ አይመስለኝም። ኢልግን «አይሆንም» የሚል የአገር ባለቤት ከላዩ ነበረ። ዢሯርን የሚያቆም ሰው ግን በላይኪፒያ አልነበረም፤ በለንደን ብቻ ነበረ፣ እሱም ዘግይቶ ነው የጠየቀው።

*

ጡረተኛው ከድሬዳዋ

ንጽጽሩን ወድጄዋለሁ። ከናይሮቢ ላለኸው ወይም ላለሽው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ማሳዮች ዝም ብለው ተቀበሉት? ዢሯርስ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

*

ከናይሮቢ

ጋሼ፣ ወንድ ነኝ። ዝም አላሉም። ጠበቃ ቀጥረው በ1913 መንግሥትን በሞምባሳ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክሱ በኦሌ ንጆጎ ስም ነው የሚታወቀው። የ1911 ውል ሁሉንም የሰሜን ማሳይ አያስርም፤ የ1904ቱ ውል ጸንቶ ይኑር፣ ለጠፋው ከብትም ካሣ ይከፈል ነበር ክርክራቸው። ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ አስገራሚ ነው፦ ማሳዮች የእንግሊዝ ዜጎች አይደሉም፤ ስለዚህ ውሎቹ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረጉ ስምምነቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ስምምነት ደግሞ የአገር ፍርድ ቤት ሊመለከተው አይችልም። ይግባኙም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ውድቅ ሆነ። ከመሬታቸው ሲነሡ እንደ ተገዥ፣ መብት ሲጠይቁ እንደ ሌላ መንግሥት ተቆጠሩ።

ዢሯር አርምስትሮንግ ዊትዎርዝ በተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ውስጥ ዳይሬክተር ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ሎይድ ጆርጅ የጥይትና የመሣሪያ አቅርቦት ዋና ኃላፊ አድርጎት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ተነሣ። ወደ መንግሥት ሥራ አልተመለሰም፤ በ1932 በለንደን ሞተ። በካናዳ ሮኪ ተራሮች ውስጥ በባንፍ አካባቢ በስሙ የሚጠራ ተራራ አለ።

ባለፈው ሳምንት ናሮክ ሳለሁ ለአንድ ሽማግሌ የዚህን ሰው ስም ጠራሁላቸው። አላወቁትም። ሌጋሊሹን ግን ከነአባቱ ስም ነገሩኝ፤ አያታቸው በማው ላይ የጣሏቸውን በሬዎችም በየቀለማቸው ቆጠሩልኝ።